ሰው የሚያልፍበት በር ሣጥን አያሳልፍም

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ስለሄደ የእህቴ ልጅ የጀመረው የኳስ ጌም ሁለት ለባዶ እየመራ ተቋረጠበት። «ኧረ አሁንስ አበዙት!» ብሎ ሶፋው ላይ ተዘረረ። እናቱ ሻማ ፍለጋ ጓዳ ገባች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። የእኔ ጌም ኔትወርክ አይፈልግም፤ ባትሪም እምብዛም አይበላም።

ልጁ የስልኩን ብርሃን ሲያይ ተጠጋኝ። ስክሪኑ ላይ ከጣሪያ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት የቤት ፕላን የመሰለ ነገር አለ፤ ግድግዳ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ስድስት ሣጥንና አንድ የምስር ፍሬ የሚያህል ሰውዬ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሶኮባን ይባላል።»

«ግራፊክሱ የጥንት ነው እኮ!»

«ከእናትህ ጋር እኩያ ነው።»

«ስንተኛ ሌቭል ደረስክ?»

«አንደኛ።»

«እንዴ፣ ዛሬ ነው የጀመርከው?»

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ።»

ሳቁ ጓዳ ድረስ ተሰማ። እህቴ ሻማውን ይዛ ስትወጣ «ምን አገኛችሁ?» አለች። «አጎቴ አንደኛ ሌቭል ላይ ስምንት ቀን ሆነው!»

አልፈረድኩበትም። እሱ በሚያውቀው የጌም ዓለም አንደኛ ሌቭል ጣት ማሟሟቂያ ነው። እዚያ ላይ ሳምንት የሚከርም ሰው ወይ አልገባውም ወይ ሥራ የለውም። እኔም በሦስተኛው ቀን ስለ ራሴ ይህንኑ ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሣጥኖቹን በሐሳቤ ስገፋ ሰልፉ ጥሎኝ ሄደ። አንድ ነገር እንደያዘኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

መግፋት እንጂ መሳብ የለም

ሶኮባን የጃፓንኛ ቃል ነው፤ የመጋዘን ጠባቂ ማለት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ «እስቶር ኪፐር» መሆኑ ነው። ሂሮዩኪ ኢማባያሺ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ፈጠረው፤ በቀጣዩ ዓመት ታካራዙካ ከተማ ውስጥ ያቋቋመው ቲንኪንግ ራቢት የተባለ ድርጅት ለገበያ አወጣው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1988 አሜሪካ ገባ። እዚያ ያሳተመው ስፔክትረም ሆሎባይት በዚያው ዓመት ቴትሪስንም ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበ ድርጅት ነው። ቴትሪስን ዓለም ሁሉ አወቀው። ሶኮባን በዝግታ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ኋላም ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ተዛመተ።

ሕጉን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ሰውዬው ወደ አራቱም አቅጣጫ ይራመዳል፤ ፊቱ ሣጥን ካለ ይገፋዋል። መሳብ አይችልም። ሁለት ሣጥን ደርቦ መግፋትም አይችልም። ሣጥኖቹ ሁሉ ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች ላይ ሲያርፉ ደረጃው አለቀ። የሚቆጥር ሰዓት፣ የሚያሳድድ ጠላት፣ የሚጣል ዳይስ የለም። በሌላው ጌም ተጫዋቹ እየገፋ ሲሄድ ጎራዴው ይረዝማል፣ ጥይቱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። እዚህ ሰውዬው አያድግም። በመጨረሻው ደረጃ ላይም እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ ሣጥን ብቻ፣ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል።

ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው መሳብ ከመከልከሉ ነው። ሣጥን ጥግ ውስጥ ከገባ በሁለት በኩል ግድግዳ ይይዘዋል፤ ለማውጣት ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ መቆም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለዘላለም እዚያው ነው። ሁለት ሣጥኖች ግድግዳ ታክከው ጎን ለጎን ከቆሙም አንዱ የሌላው መዝጊያ ይሆናል። ግድግዳ የተለጠፈ ሣጥን ከግድግዳው ሊላቀቅ ስለማይችል፣ በዚያ ግድግዳ ሥር ምልክት ከሌለ እሱም ያለቀለት ነው። ተጫዋቾች ይህን «ሞተ» ይሉታል።

ጌሙ ግን መሞቱን አይነግርህም። ደወል አይደውልም፣ ቀይ ጽሑፍ አያወጣም። አምስቱን ሣጥን በሥርዓት ደርድረህ፣ ላብህን ጠርገህ፣ ወደ ስድስተኛው ስትዞር ከግማሽ ሰዓት በፊት ሳታስበው ገፋ አድርገህ የገደልከው መሆኑ ይገለጥልሃል። ጥፋቱና ቅጣቱ ተራርቀው ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ሰሞን የሚያናድደው ይህ ነው፤ ውሎ አድሮ የሚያስተምረውም ይኸው ነው።

የሦስት በር ቤት

ስምንት ቀን የያዘኝን ቤት ላሳያችሁ። በዓለም ላይ በሰፊው የተሰራጨው ኤክስ-ሶኮባን የተባለው ስብስብ 90 ደረጃዎች አሉት፤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከላይ አንድ ክፍል አለ፤ አራት ሣጥኖች ተበታትነውበታል። ከታች ረጅም መተላለፊያ ተዘርግቷል። በመተላለፊያው ቀኝ ጫፍ ስድስቱ ምልክቶች ያሉበት መደርደሪያ ክፍል፣ በግራ ጫፉ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። አምስተኛው ሣጥን መተላለፊያው ውስጥ፣ ስድስተኛው በትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። ከመተላለፊያው በታች ደግሞ የትም የማያደርስ የሚመስል፣ ዞሮ እዚያው መተላለፊያ ላይ የሚወጣ ቀጭን መንገድ አለ።

የላይኛው ክፍል ሦስት በሮች አሉት። የግራው ወደ ትንሿ ክፍል ያወርዳል። የመካከለኛውና የቀኙ ቁልቁል መተላለፊያው ላይ ይወርዳሉ። ከመደርደሪያው ክፍል የሚቀርበው የቀኙ ነው። በሩ አጠገብም አንድ ሣጥን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይመስላል። ማንም ጤነኛ ሰው ዕቃውን በቅርቡ በር ያወጣል።

ስምንት ቀን ሙሉ ሣጥኑን በቀኝ በር ለማውጣት ሞከርኩ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ስገፋው በሩ አፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል መግፋት ነበር የቀረኝ፤ ለዚያ ግን ከሣጥኑ በላይ መቆም አለብኝ። ከሣጥኑ በላይ ያለው ግድግዳ ነው። በስተቀኙም ግድግዳ ነው። በር ያልኩት ቦታ ለሣጥኑ ጥግ ነበር። ይህንን አይቼ እመለሳለሁ፤ ሌላ ሣጥን አመጣለሁ፤ በሌላ ቅደም ተከተል እሞክራለሁ፤ ተመልሼ እዚያው በር ላይ እሞታለሁ። ዓይኔ በሩን በር ብሎ አንዴ ሰይሞታል።

የፈታልኝ ስልኩ አይደለም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤት አዲስ ቁምሣጥን አስመጡ። ጫኝና አውራጆቹ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ከወሰዱት በኋላ የደረጃው ማጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። አንደኛው እግሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሌላው ከታች በትከሻው ይዞ ወዲህ ወዲያ አሉት፤ አልዞር አለ።

ሴትዮዋ ከላይ ሆነው «ትናንት ሶፋው በዚሁ አልፎ የለም እንዴ? ሰው ሁሉ የሚመላለስበት ደረጃ!» አሉ።

ከጫኞቹ በዕድሜ ገፋ ያለው ላቡን በእጅጌው ጠረገና «እትዬ፣ በደረጃው እርስዎ ያልፋሉ» አላቸው። «ሰው ይታጠፋል። ቁምሣጥን አይታጠፍም።» ከዚያም ገመድ አስመጥቶ ዕቃውን በበረንዳ አስወጣላቸው፤ እሱ ራሱ ግን ከላይ ሆኖ ሊቀበል በዚያው ደረጃ ሮጦ ወጣ።

እኔ የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ እንደያዝኩ በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የቀኙ በር የሣጥን በር አልነበረም፤ የሰውዬው በር ነው። የግራውም እንደዚያው፤ ሣጥን እዚያ ቢደርስ ከላይም ከጎንም ግድግዳ ይገጥመዋል። ከሦስቱ በሮች ሣጥን የሚያሳልፈው የመካከለኛው ብቻ ነው። ሣጥኑ በመካከለኛው ወርዶ መተላለፊያው ላይ ሲያርፍ፣ ሰውዬው በግራው በር ወጥቶ፣ በትንሿ ክፍል ዞሮ፣ ከሣጥኑ ኋላ ይደርስና ወደ ቀኝ ይነዳዋል። አድርሶት ሲመለስ በቀኙ በር ሽቅብ ይገባል። ቤቱ ወለሉ ላይ ሁለት መንገድ ተደርቦበት ኖሯል፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለዕቃ።

ከዚህ በኋላ አከፋፈቱ ግልጽ ሆነ። ሰውዬው በቀኙ በር ይገባል፤ በሩ ላይ ያለውን ሣጥን አንዴ ወደ ግራ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አንዴ ወደ ላይ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ ሦስተኛውን አንዴ ወደ ታች ይገፋል። ሦስት ሣጥን፣ ሦስት አቅጣጫ፣ አንዳንድ እርምጃ ብቻ። አንዱም ወደ ግቡ የቀረበ አይመስልም፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርቀዋል። መንገዱ ግን ተከፍቷል። ሰውዬው በግራው በር ወጥቶ መተላለፊያው ውስጥ ካለው ሣጥን ኋላ ይደርሳል፤ 12 ጊዜ ገፍቶም መደርደሪያው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። በማግስቱ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስድስተኛው ሣጥን ገባ። ስልኩ ትንሽ «ጢን» አለ። ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። «ታዲያ 89 ቀሩህ» አለኝ።

ሙቀቱ የማይታይ ምድጃ

እንዲህ ያለው መገለጥ ለምን ድንገት እንደሚመጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መርምረውታል። በ1987 ጃኔት ሜትካልፍና ዴቪድ ዊቤ ለሰዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሰጡ። አንዱ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ አልጀብራ ነው፤ ሌላው የጥያቄውን አያያዝ መቀየር የሚጠይቅ እንቆቅልሽ። ተሳታፊዎቹ በየ15 ሴኮንዱ «መልሱ ምን ያህል ቀረበኝ?» የሚለውን እንደ ሙቀት መለኪያ እየመዘኑ እንዲመዘግቡ ተደረገ። በአልጀብራው ሙቀቱ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄደ። በእንቆቅልሹ ግን መልሱ ደጃፍ ላይ ቆሞም ሙቀቱ አልተነቃነቀም፤ ከዚያ በአንዴ ነደደ።

ይህ ለሶኮባን ተጫዋች ትልቅ ማጽናኛ ነው። በዘጠነኛው ቀን የተሰማኝ ከመጀመሪያው ቀን የተለየ አልነበረም፤ ምንም እንዳልተራመድኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ነገር ግን ጫኙን ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ብሰማው ኖሮ ስለ ቁምሣጥን እንጂ ስለ ሌላ ነገር የተናገረ አይመስለኝም ነበር። ስምንቱ ቀን የባከነ መስሎ ጆሮዬን ሲያዘጋጅልኝ ነው የከረመው።

አእምሮ ስልኩ ሲዘጋ ሥራውን እንደማያቆምም ይታወቃል። በ2000 በሃርቫርድ የሠራው ሮበርት ስቲክጎልድ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች እንቅልፍ ሲወስዳቸው የሚወርዱትን ቅርጾች እንደሚያዩ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳየ። የሚገርመው የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ሕሙማንም ጌሙን መጫወታቸውን ጭምር ረስተው ቅርጾቹን ማየታቸው ነው። የታክሲ ሰልፍ ያስጣለኝ እንግዲህ እኔ ብቻ የተሸከምኩት ጣጣ አይደለም።

የግምጃ ቤት ሰው

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በገቢ ሞዴል 19 እና በወጪ ሞዴል 22 መካከል ነው የጨረሱት። አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ሰንበትበት ብሎ ያስቸገረኝን ሌላ ደረጃ አሳየኋቸው። በዚህኛው ምልክቶቹ ያሉት መጨረሻው ዝግ በሆነ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አራቁት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው አቀረቡት።

«ሠራተኛው ይኼ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«እና ለምንድን ነው የመጀመሪያውን ዕቃ በር ላይ ያራገፍከው?» አሉኝ። «ግምጃ ቤት ከውስጥ ነው የሚሞላው። በር ላይ የሚቆልል ሰው ነገ ራሱ ያወርደዋል። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚዞርበት ቦታ ይተዋል። አለበለዚያ ቆጠራ ሲመጣ በምን ልትገባ ነው?»

ሦስት ቀን የለፋሁበትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። መግፋቱ ላይ ግን ጣታቸው እየሳተ ሁለቴ ጥግ አስገቡና «ይኼ ያንተ ዕቃ አይታዘዝም» ብለው መለሱልኝ። ዕውቀቱ ነበራቸው፤ እጁ አልነበራቸውም። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ስከፍት የማየው ነገር ተቀየረ። መጀመሪያ የማየው ሣጥኖቹን ሳይሆን ባዶውን ቦታ ሆነ፤ ሰውዬው የት መቆም ይችላል፣ የትኛው መተላለፊያ ቢዘጋ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፣ የመጨረሻው ሣጥን የት ሲያርፍ መውጫ ያሳጣል። ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠርንም ከአባቴ ነው የተማርኩት።

ዳማን የጨረሰው ሰው

ይህን ያህል ሕጉ ያነሰ ጨዋታ ኮምፒውተር በአንድ ጀንበር የሚጨርሰው ይመስላል። አልሆነም።

በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የሠራ ጆናታን ሼፈር የተባለ ተመራማሪ አለ። በየሰፈራችን ጥላ ሥር በቆርኪ የሚጫወቱት የዳማ ወዳጆች ስሙን ሊያውቁት ይገባል። ከ1989 ጀምሮ እሱና ባልደረቦቹ እንግሊዞች የሚጫወቱትን ባለ 64 ቤት ዳማ ሲመረምሩ ቆይተው፣ ከ18 ዓመት በኋላ በ2007 ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ውጤቱ ሁልጊዜ አቻ መሆኑን አረጋገጡ። ይኸው ሰው ከተማሪው ከአንድሪያስ ዩንግሃንስ ጋር በ1990ዎቹ ሶኮባን ላይ ዘመተ። «ሮሊንግ ስቶን» ብለው የሰየሙት ፕሮግራም ብዙ ተደክሞበት ከ90ዎቹ ደረጃዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አልፈታ አሉት።

ምክንያቱ የአማራጩ ብዛት ነው። በቼዝ አንድ ተጫዋች በአማካይ ወደ 35 የሚጠጋ ምርጫ አለው ይባላል፤ በከባድ የሶኮባን ደረጃ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ግፊት ሊኖር ይችላል፤ መፍትሔውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ግፊቶችን ሊወስድ ይችላል። በዚያ ላይ ዳማና ቼዝ የማያውቁት የሶኮባን ወጥመድ አለ፤ አንዷ ግፊት ስህተት ከሆነች ከእሷ በኋላ ያለው ሚሊዮን ቅርንጫፍ ሁሉ የሞተ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን መሞቱን ሳያውቅ ሲፈትሸው ይውላል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ከልበርሰን በ1997 ሶኮባን በሒሳብ ከከባድ ጥያቄዎች ጎራ እንደሚመደብ አረጋገጠ። በአማርኛ ስናወራው፣ ለማንኛውም ትልቅ ደረጃ የሚሠራ ፈጣን አቋራጭ እስካሁን አልተገኘም፤ አብዛኛው ባለሙያም ይገኛል ብሎ አያምንም።

በ2020 ያሮን ሾሃምና ያው ሼፈር ያቀረቡት ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ 90ውንም ፈታ። ልቤን የነካው አፈታቱ ነው። የቀደሙት ፕሮግራሞች ሣጥን ከምልክቱ ስንት እርምጃ ይርቃል የሚለውን ነበር በዋናነት የሚመዝኑት። አዲሱ ግን ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጨመረ፤ ሣጥኖቹ ቤቱን ስንት ቦታ ከፋፍለውታል? በክፍሎቹ መካከል ያለው መንገድ ክፍት ነው? የትኛው ሣጥን ለዕቅዱ መሰናክል በሚሆንበት ቦታ ቆሟል? አባቴ በእሑድ ቡና ላይ «አንድ ሰው የሚዞርበት ቦታ ተው» ያሉትን ማሽኑ ለመማር 20 ዓመት ፈጀበት ብል ሳይንቲስቶቹ ይስቁብኛል እንጂ አይቀየሙኝም።

የሠለጠነ ዓይን

በ1973 ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን የቼዝ ጌቶች ሰሌዳን ለአምስት ሴኮንድ ብቻ ዓይተው ጠጠሮቹን እንዴት ከነቦታቸው እንደሚያስታውሱ ፈተሹ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ሲሆን ጌታው ከጀማሪው እጅግ ይበልጣል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው የለም ለማለት እስኪቀርብ ድረስ ይጠፋል። ጌታው የተሻለ ጭንቅላት ይዞ አልመጣም፤ ጠጠሮቹን በሺህ ጨዋታ በለመዳቸው ክምችቶች ነው የሚያነባቸው። ፊደል የቆጠረ ሰው ቃሉን እንደሚያይ፣ ያልቆጠረው ደግሞ ጭረቱን እንደሚያይ ነው።

ይህ ጥናት አንድ ነገር እንድደፍር ሌላ ነገር እንዳልደፍር አድርጎኛል። የምደፍረው ዓይን በእርግጥ ይለወጣል ማለት ነው። ከአምስት ወር በኋላ ወደ አንደኛው ደረጃ ተመልሼ ስከፍተው ግራ የሚያጋባ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። ቤቱ አንድ ጡብ አልጨመረም፤ ሰውዬው ያው ነው። በ97 ግፊት ጨረስኩት፤ ለዚህ ደረጃ ከዚያ ያነሰ ግፊት አይቻልም። የቀኙ በር ላይ ያለው ሣጥን ወደ ቀኝ ሊገፋ እንደሚችል እንኳ ትዝ ያለኝ ካለፍኩት በኋላ ነው።

የማልደፍረው ደግሞ «ሶኮባን የተጫወተ ሰው በሥራው ብልህ፣ በሒሳብ ጎበዝ፣ በኑሮው አስተዋይ ይሆናል» ማለት ነው። የቼዝ ጌቶቹ ብልጫ ሰሌዳው በዘፈቀደ ሲበተን እንኳ ካልተከተላቸው፣ የእኔ ሣጥን ገፊነት ወደ ቢሮዬ ይከተለኛል ብዬ ብሰብክ ውሸታም ነኝ። አንድ ነገር ብቻ አትርፌያለሁ፤ አለማወቅ ውስጥ ቁጭ ማለት አያስፈራኝም። ሙቀቱ ያልተሰማኝ ምድጃ ሁሉ የጠፋ እንዳልሆነ ዓይቻለሁና።

ለዚህም ጊዜ የሚሰጥ ጌም ያስፈልጋል። ከሶኮባን በፊት ስልኬ ላይ አንድ የእንቆቅልሽ ጌም ነበረኝ። ሁለቴ ከተሳሳትኩ «ሕይወትህ አልቋል፤ ወይ ግዛ ወይ ጠብቅ» ይለኛል። ትንሽ ከዘገየሁ መልሱን በሣንቲም ሊሸጥልኝ ይመጣል። አቅሜን ሳይሆን ትዕግሥት ማጣቴን ነበር የሚነግድበት። ሶኮባን በተቃራኒው አብዛኞቹ ቅጂዎቹ ላይ የመመለሻ ቁልፍ አለው፤ እስከ መጀመሪያው እርምጃ ድረስ በነጻ ትመለሳለህ። ስህተቱን ይቅር ይልሃል፤ መልሱን ግን በምንም ዋጋ አይሰጥህም።

ልጆቹና የልጅ ልጆቹ

የኢማባያሺ መጋዘን ብዙ ዘር አፍርቷል። በ2016 ስቲቨን ላቬል «ስቲቨንስ ሶሴጅ ሮል» የተባለውን አወጣ፤ እዚያ የሚገፋው ቋሊማ ነው፤ በየወገኑ መጥበስ አለበት፤ አንዱን ወገን ሁለቴ እሳት ካስነካኸው ግን ያርራል። ፊንላንዳዊው አርቪ ቴይካሪ ደግሞ በ2019 «ባባ ኢዝ ዩ»ን ይዞ መጣ። እዚህ ሕጉ ራሱ በሣጥን ተጽፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «ግድግዳ ያግዳል» የሚል ትርጉም ያላቸው ሦስት ቃላት ተሰልፈው ቆመዋል እንበል፤ አንዱን ቃል ገፍተህ ከሰልፉ ብታወጣው ሕጉ ይፈርሳል፣ በግድግዳው ውስጥም ሰተት ብለህ ታልፋለህ። ከ200 በላይ ደረጃዎች አሉት፤ ለሳምንት የሚያቆሙ ብዙ ናቸው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ግን የምመክረው የእኔን ስህተት እንዳይደግም ነው። በ90ዎቹ ስብስብ አይጀምር። ዴቪድ ስኪነር ያዘጋጀው ማይክሮባን የተባለ 155 ትንንሽ ደረጃዎች ያሉት ስብስብ አለ፤ አብዛኛው አንድ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ፊደል ከ«ሀ» እንደሚቆጠረው ማለት ነው።

ዙሪያው መንገድ

ባለፈው ወር እህቴ ቤት ሳለሁ እንደገና መብራት ጠፋ። የእህቴ ልጅ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ያንን የጥንቱን አምጣው።»

አንደኛውን ደረጃ ከፍቼ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እኔ ስምንት ቀን በቆምኩበት ቀኝ በር ላይ ተቀረቀረ። ምላሴን ነከስኩ። ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እንዳትነግረኝ» አለ። ከዚያ በማሰብ ሳይሆን በጉልበት ይመስለኛል፣ አንዱን ሣጥን በመካከለኛው በር ቁልቁል ላከው። ላከውና ማቆም ረሳ፤ ሣጥኑ መተላለፊያውን ተሻግሮ አንድ እርምጃ ወደ ታች፣ ወደዚያ የትም ወደማያደርሰው ቀጭን መንገድ ገባ።

«ውይ! ሞተ።»

እኔም የሞተ መሰለኝ። ጣቱ ወደ መመለሻው ቁልፍ ሄደ፤ ሊነካው ሲል ቆመ። ሰውዬውን በመተላለፊያው ወደ ቀኝ ወሰደው፤ በዙሪያው መንገድ ወደ ታች አስገባው፤ ወደ ግራ መለሰው። ሰውዬው ከሣጥኑ ሥር ደረሰ። አንድ ሽቅብ ገፋ። ሣጥኑ ወደ መተላለፊያው ወጣ።

በ97 ግፊት ስጨርሰው እዚያ መንገድ ውስጥ አንድም ሣጥን አላስገባሁም፤ ሠዓሊው ለማሳመር ያደረገው ነበር የመሰለኝ። አንድ እርምጃ ላለፈ ሰው የተተወ መመለሻ ኖሯል። ሁለተኛ እርምጃ ቢጨምር ጥግ ነበር።

ልጁ ግን አላየኝም። ፊቱን ስክሪኑ ላይ ደፍቶ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው «አሁን ደግሞ ከኋላው በየት በኩል ልዙር?» አለ።